የመሪው ወንበር ዋጋ

ስለ ወጣት የመኪና ተወዳዳሪዎች የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ እግሩ ፍሬን ሳይደርስ ጀምሮ መኪና ይወዳል፤ አንድ ቀን ትልቅ ሰው ያየዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የድፍረትና የተሰጥኦ ጉዳይ ነው ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ለቴሌቪዥንም ይመቻል። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ክርክር ግን ሌላ ነው። በአሜሪካው የስቶክ ካር ውድድር አንድ ወጣት ከታች ተነሥቶ ላይ መድረስ አለመድረሱን ከምንም በላይ የሚወስነው መሪ ጨብጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው፤ ለዚያ ጊዜ ደግሞ ሁልጊዜ የሚከፍል ሰው አለ። ኮምፒዩተር የዚህን ጊዜ ዋጋ በመሰላሉ እግር ላይ አርክሶታል። ከመካከለኛው ደረጃ ወደ ላይ ያለውን ዋጋ ግን አልነካውም። ለዚህ ዋና ማስረጃ የማደርገው ብዙዎች ለተቃራኒው ሐሳብ ምሳሌ የሚያደርጉትን አሽከርካሪ፣ ዊሊያም ባይረንን ነው።

ውድድሩን ለማያውቅ ጥቂት ላስረዳ። ስቶክ ካር ከውጭ ሲያዩት መንገድ ላይ የምናውቀውን ቶዮታ፣ ፎርድ ወይም ሼቭሮሌት ይመስላል። ውስጡ ግን ከብረት ቱቦ የተበየደ አጽም፣ አንድ ወንበርና ከ600 ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር ነው። የሚከፈት በር የለውም፤ ሾፌሩ የሚገባው በመስኮት ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር የተባለ ድርጅት ሲሆን የተመሠረተው በ1948 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመጨረሻው እርከን ካፕ ሲሪስ ይባላል። በዓመት 36 የነጥብ ውድድሮች አሉት፤ በአንድ ውድድር የሚሰለፉት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ40 አይበልጡም፤ ከነዚህም 36ቱ ቻርተር የሚባል ቋሚ የመሰለፍ መብት ባላቸው ቡድኖች የተያዙ ናቸው። ከሥሩ ሁለት አገር አቀፍ እርከኖች አሉ፤ አንደኛው እስከ 2025 ኤክስፊኒቲ ይባል የነበረው፣ ሌላው የፒክአፕ ውድድር ነው። ከነዚያ በታች ደግሞ በየክፍለ ሀገሩና በየከተማው የሚካሄዱ ብዙ ትንንሽ ውድድሮች አሉ። እንግዲህ ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ላይኛው ቤት ያለው ቋሚ ወንበር አርባ እንኳ አይሞላም።

ባይረን የተወለደው በኖቬምበር 1997 በኖርዝ ካሮላይና፣ በሻርለት ከተማ ነው። ሻርለት የዚህ ስፖርት መናኸሪያ ናት፤ የአብዛኞቹ ቡድኖች ጋራዥ በዚያ ዙሪያ ይገኛል። ቤተሰቡ ግን የውድድር ቤተሰብ አልነበረም። ሌሎች ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ጎካርት ላይ ሲወጡ እሱ አልወጣም። አሥራዎቹ ውስጥ ሲገባ ግን መሪና ፔዳል ከኮምፒዩተር ጋር አያይዞ አይሬሲንግ በተባለ ፕሮግራም ቤቱ ሆኖ መወዳደር ጀመረ። አይሬሲንግ በ2008 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን እውነተኞቹን ትራኮች በሌዘር ለክቶ፣ የአስፋልቱን ጉብታና ስርጉድ ሳይቀር ስክሪን ላይ የሚያመጣ ነው። ባይረን በዚህ ፕሮግራም ብዙ መቶ ውድድሮች አድርጎ ከመቶ ጊዜ በላይ አሸንፏል። እውነተኛ የውድድር መኪና ውስጥ የገባው በ2012 ነበር። መኪናው ሌጀንድስ ይባላል፤ የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን መኪኖች መልክ የያዘ፣ በሞተርሳይክል ሞተር የሚሄድ ትንሽ ነገር ነው። በ2013 በዚሁ መኪና 33 ውድድሮችን አሸነፈ። በ2014 የታዋቂው ሾፌር የዴል ኧርንሃርት ጁኒየር ቡድን ሌት ሞዴል በሚባለው ክፍል አሰለፈው። በ2015 ኬ ኤንድ ኤን ኢስት የተባለውን የክልል ዋንጫ ወሰደ። በ2016 በፒክአፕ ሰባት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2017 የኤክስፊኒቲ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2018 ጄፍ ጎርደን ያስከበረውን 24 ቁጥር መኪና ተረክቦ ካፕ ሲሪስ ገባ። ከሌጀንድስ እስከ ላይኛው ቤት ስድስት ዓመት ብቻ ፈጀበት።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚደርስበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ሁሉ ናስካር ሊደርስ ይችላል። መደምደሚያው የቱ ላይ ትክክል፣ የቱ ላይ ስሕተት እንደሆነ ለመለየት ግን በመጀመሪያ በዚህ ስፖርት ውስጥ የሚማሩት ነገር ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። «ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ መዞር ምን ችሎታ ይጠይቃል?» የሚል አይጠፋም። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማዎች መያዣ አጥተው ሊያመልጡ ሲሉ ሾፌሮቹ መኪናው «ሉስ» ሆነ ይላሉ፤ የፊቶቹ ለመሪው አልታዘዝ ብለው ወደ ግድግዳው ሲገፉ ደግሞ «ታይት» ሆነ ይላሉ። ሾፌሩ ይህን በሬዲዮ ለቡድኑ ዋና መካኒክ ይናገራል። መኪናው ለነዳጅና ለጎማ ሲገባ አንዱ ሠራተኛ ከኋላ መስታወት ባለች ቀዳዳ ረጅም ቁልፍ ሰዶ፣ የሞላውን ጭነት ግማሽ ዙር ያህል አጥብቆ ወይም አላልቶ ያወጣል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰኮንዶች ውስጥ ነው። ያቺ ግማሽ ዙር ዋጋ የሚኖራት ሾፌሩ የተሰማውን በትክክል ከተናገረ ብቻ ነው። መኪናው በአምስተኛው ዙር ላይ ያለው ጠባይ በአርባኛው ዙር ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም፤ ጎማው ይበላል፣ ነዳጁ ይቀላል፣ ፀሐይ ስትገባ አስፋልቱ ይቀዘቅዛል። ከፊት ያለ መኪና ነፋሱን ሲጋርድም ከኋላ የሚከተለው መኪና አፍንጫው ይቀልና አልታጠፍ ይላል። ይህን ማንም በቃል አያስተምርም። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ በመዞር ብቻ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

እውነተኛው ዙር ግን ውድ ነው። ጎማ ይፈጃል፣ መካኒክ ይፈልጋል፤ ግድግዳ የነካ መኪና ሻንሲው ከተጣመመ ወደ ጋራዥ ይመለሳል፣ ቅዳሜ የሚመጣው ውድድርም ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተጋጨ ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ይነሣል። የባይረን ታሪክ ትልቁ ትምህርት በእኔ ዕይታ እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ውድድር በእውነተኛ መኪና ላድርግ የሚል ልጅ ብዙ ዓመትና ብዙ ሀብት ይፈጃል፤ ባይረን ግን አብዛኛውን ስሕተቱን የሠራው ምንም በማይሰበርበት ቦታ ነው። ተሰጥኦ የምንለው ነገር ውስጥ ስንት ዙር እንደተከማቸ ከውጭ አይታይም፤ ስለዚህ ልጁ ድንገት የመጣ ይመስለናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአንጋፋዎቹ ሾፌሮች ሠፈር ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ፍርሃት የለውም፣ ሰውነት አይጎትትም፣ ሙቀት የለውም ይላሉ። እውነት ነው። በበጋ የዚህ መኪና ውስጥ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በዳይቶና ትራክ ላይ ኩርባው 31 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ያለ ሰው አንገቱም ወገቡም ይፈተናል። ተቃዋሚዎቹ አንድ ተጨማሪ ማስረጃም አላቸው። በ2020 ወረርሽኙ ውድድሩን ባቆመ ጊዜ ናስካር እውነተኞቹን ሾፌሮች በአይሬሲንግ አሰልፎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ ባይረን በተከታታዩ ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ሻምፒዮኖች ግን እየተጋጩ ተቸገሩ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንጋፋው ለምን ተቸገረ ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አንጋፋው የተማረው በወገቡ ነው፤ መኪናው ሊያመልጥ ሲል መጀመሪያ የሚያውቀው መቀመጫው ነው፤ ያ ሲወሰድበት ዓይኑ ብቻውን አልበቃውም። ባይረን ግን በዓይኑ መማር ጀምሮ ሰውነቱን በኋላ ጨመረበት። የጨመረውም በአጭር ጊዜ መሆኑን የ2013ቱ 33 ድሎች ይናገራሉ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሁሉን ያስተምራል አልልም፤ ብዙ ጊዜ የሚወስደውን ክፍል ያስተምራል፣ የቀረው ከተገመተው ባነሰ ጊዜ ይያዛል ነው የምለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ክብደት ወዳለው የክርክሬ ክፍል ልሻገር። ባይረን ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ሌጀንድስ ውስጥ የገባው አይሬሲንግ መኪና ስለሰጠው አይደለም። ቤተሰቡ አቅም ነበረው፤ አባቱ በገንዘብ አስተዳደር ሥራ የተሰማሩ ሰው ናቸው። ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም ደግሞ ገና ሌት ሞዴል ላይ ሳለ ጀምሮ እስከ ካፕ ሲሪስ ድረስ ስፖንሰር ሆኖ አብሮት ዘልቋል። ይህን የምናገረው ልጁን ለማሳነስ አይደለም። ከሰባቱ የፒክአፕ ድሎች አንዱንም ገንዘብ አልነዳውም። ነገር ግን ጥሩ ቡድንና የሚቀጥል ስፖንሰር ምን እንደሚሰጡ ያየነው በዚያው በ2016 ነው። ፊኒክስ ላይ፣ ዋንጫው ሊለይ አንድ ውድድር ሲቀረው፣ ባይረን እየመራ ነበር። ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ሞተሩ ጭስ ለቆ ቆመ፤ ለዋንጫው ከሚፎካከሩት አራቱ ውስጥ የመግባት ዕድሉም አብሮ ጠፋ። በሳምንቱ የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር ሆምስቴድ ላይ አሸነፈ፣ ዋንጫው ግን የሌላ ሰው ሆኗል። በዚህ ስፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር የብዙ ወጣቶችን ሩጫ አቁሟል፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት በዋንጫው ላይ የተንጠለጠለበት ልጅ እዚያው ይቀራል። ባይረን ግን ለሚቀጥለው ዓመት ወንበሩ ቀድሞ ተይዞለት ነበር።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ አንድ ሰው ተነሥቶ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ልትለን ነው?» ቢለኝ አይገርመኝም። አይደለም። ሀብታም ሁሉ አያሸንፍም፤ የባለጸጋ ልጆች ተሰልፈው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ኋላ ኋላ ዞረው የሄዱበት ስፖርት ነው። ገንዘብ የሚገዛው የመሳሳት ፈቃድን ነው እንጂ ድልን አይደለም። ይህንንም ራሱ ባይረን ያስረዳልናል። በ2018 ካፕ ሲሪስ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ አላሸነፈም፤ በ2019ም አላሸነፈም። የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በኦገስት 2020 ዳይቶና ላይ ሲሆን ያኔ መቶ ውድድር ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። የቡድኑ ባለቤት ሪክ ሄንድሪክ ይህን ያህል የጠበቀው ልጁ ይደርሳል ብሎ ስላመነ ነው፤ ለመጠበቅም አቅሙ ነበረው። በ2021 በፒክአፕ ዘመኑ ዋና መካኒኩ የነበረውን ሩዲ ፉግልን መልሶ አጠገቡ አመጣለት፤ በ2023 ስድስት ጊዜ አሸነፈ፤ የስፖርቱን ትልቁን ውድድር፣ ዳይቶና 500ን፣ በ2024ም በ2025ም ወሰደ። የ2025ቱ የመጨረሻ ዙር ላይ ከኋላ ነበር፤ ፊት ያሉት ሲጋጩ በላይኛው መስመር ሾልኮ አለፈ። ዕድል ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ቢሆንም ዕድሉ በመጣበት ሰዓት እዚያ መገኘት ያስፈልጋል፤ እዚያ ለመገኘት ደግሞ ያለ ድል ያለፉት ሁለት ዓመት ተኩል በአንድ ሰው ተከፍለዋል።

ከባይረን በላይ ይህን የሚያሳየኝ የጆይ ሎጋኖ ታሪክ ነው። ሎጋኖ ገና በልጅነቱ ተአምር ተብሎ የተወራለት ነበር። በ2009 በ19 ዓመቱ ዝናብ ባቋረጠው የኒው ሃምፕሸር ውድድር አሸንፎ በካፕ ሲሪስ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ተኩል ሲጨምር ያገኘው ድል አንድ ብቻ ነበር፤ የቡድኑ ባለቤት ጆ ጊብስ በ2012 መጨረሻ አሰናበተው። በዚያ ጊዜ የጋዜጠኛውን አፍ ብትሰሙ ተሰጥኦው የተጋነነ ወሬ ነበር። በ2013 ፔንስኪ የተባለው ሌላ ቡድን ወሰደው፤ በ2018፣ በ2022ና በ2024 ሻምፒዮን ሆነ። ያው ሰው ነው፤ ያው እጅ ነው። ሁለተኛ ወንበር ባያገኝ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ባልኖረ፤ እኛም ተሰጥኦ አልነበረውም ብለን በእርግጠኝነት በተናገርን ነበር። ሁለተኛ ወንበር ሳያገኙ የቀሩትን ስለማናያቸው፣ ላይ የደረሱትን አይተን መሰላሉ ትክክለኛውን ይመርጣል እንላለን። የዚህ ስፖርት ጸሐፊዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው እርከን ዋጋ ድሮ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ ከባይረን በፊት 24 ቁጥርን የነዳውን ጄፍ ጎርደንን ማየት ይበቃል። ጎርደን የካሊፎርኒያ ልጅ ነው፤ በዚያ የነበረው የዕድሜ ገደብ ስለከለከለው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ኢንዲያና ገባ። ለአንድ ልጅ ዙር ለማግኘት ቤተሰብ አገር ይለውጥ ነበር። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ጥቁር አሜሪካዊው ዌንደል ስኮት አለ፤ መኪናውን ራሱ እየጠገነ፣ ራሱ እየጎተተ የሚወዳደር ሰው ነበር። በዲሴምበር 1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸነፈ፤ አዘጋጆቹ ግን ሌላ ሰው አሸናፊ ብለው አወጁ፣ ስሕተቱ ሲታረምም ዋንጫውን በእጁ አላስገቡለትም። ናስካር ለቤተሰቡ መታሰቢያ ዋንጫ የሰጠው በ2021 ነው፤ ስኮት ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። ስለዚህ ዋጋ ስል ገንዘብ ብቻ አይደለም የምለው።

ይህን ይዤ ወደ ራጃ ካሩት ልምጣ፤ ለክርክሬ ከባዱን ፈተና የሚያቀርበው እሱ ነው። ካሩት ያደገው የአገራችን ሰዎች በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ነው፤ ሞተር ስፖርት በሌለበት ከተማ፣ ከውድድር ጋር ዝምድና በሌለው ቤት። እሱም የጀመረው በአይሬሲንግ ነው፤ ከዚያ ናስካር ለወጣቶች ባዘጋጀው የኮምፒዩተር ውድድር ታይቶ ድራይቭ ፎር ዳይቨርሲቲ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ገባ። በማርች 2024 ላስ ቬጋስ ላይ የፒክአፕ ውድድር አሸነፈ፤ በናስካር አገር አቀፍ እርከኖች ካሸነፉ ጥቁር አሽከርካሪዎች ከስኮትና ከባባ ዋላስ ቀጥሎ ሦስተኛው ሆነ። እንግዲህ ተቃዋሚዬ «ይኸው፣ ያለ ባለጸጋ ቤተሰብ በኮምፒዩተር ወጣ» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው፤ ግን ታሪኩን ቀረብ ብለን እንመልከት። ሌጀንድሱንና ሌት ሞዴሉን የሰጠው ያ ፕሮግራም ነው። ከ2023 በኋላ ይነዳለት የነበረው ቡድን ሲዘጋ ካሩት ወንበር አልባ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ የሄንድሪክ የመኪና ሽያጭ ድርጅት ስፖንሰር ሆኖ ስለገባ ነው በ2024 የተሰለፈው፤ ያሸነፈውም በዚያው የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ስፖንሰሩ ጥቂት ወራት ቢዘገይ ኖሮ ያ ድል አይኖርም ነበር፣ ኮምፒዩተሩም ቤቱ ተቀምጦ ይቀር ነበር። ካሩት ክርክሬን አያፈርስም፤ መካከለኛው ደረጃ ላይ ሌላ ከፋይ ሲገኝ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ካይል ላርሰንና ዳንኤል ሱዋሬዝም በዚሁ ፕሮግራም ያለፉ ናቸው፤ ላርሰን የካፕ ሻምፒዮን ሆነ፣ ሱዋሬዝ በ2022 በካፕ ሲሪስ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሜክሲኳዊ።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር አለ። ናስካርና ቡድኖቹ አዲስ ሕዝብ እንፈልጋለን ሲሉ ብዙ የሚያወሩት ስለ ኮምፒዩተር ውድድሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየቤቱ ይገባል፣ ለማስታወቂያም ይመቻል። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ መዋል ያለበት ከዚያ ቀጥሎ ባለው፣ ማስታወቂያ በማያምርበት በሌት ሞዴል ዓመት ላይ ነው። አንድ ልጅ ከስክሪኑ ወጥቶ እውነተኛ መኪና ውስጥ ሁለት የውድድር ዘመን፣ ከነግጭቱና ከነውድቀቱ፣ የሚያሳልፍበት ወንበር ከአንድ ሺህ ነጻ የአይሬሲንግ አካውንት ይሻላል። ያ ልጅ ሁለት ዓመቱን ዞሮ ካላሸነፈ፣ ያን ጊዜ አልቻለም ቢባል ፍርዱ ፍርድ ይሆናል።

ይህን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በካፕ ሲሪስ ዛሬ የልምምድ ጊዜ ከውድድሩ በፊት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቡድኖች በራሳቸው ትራክ ተከራይተው መለማመድም ወጪን ለመቀነስ ተብሎ ከታገደ ቆይቷል። ያን ክፍተት የሞሉት ቶዮታ፣ ፎርድና ሼቭሮሌት በሻርለት ዙሪያ የተከሏቸው ትላልቅ ሲሙሌተሮች ናቸው፤ ሾፌሩ ካቢኑ ውስጥ ሲቀመጥ ወለሉ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ፣ መሐንዲሶች በመስታወት ማዶ ተቀምጠው የሞላውን ልኬት የሚለዋውጡበት። ባይረን በልጅነቱ በርካሽ ያገኘው ነገር ተሻሽሎ፣ ተወድዶ፣ ወደ መሰላሉ ጫፍ ተመልሶ ወጥቷል። በሩ የሚከፈተውም ከአምራቹ ጋር ውል ላለው አሽከርካሪ ነው፤ ውል ደግሞ የሚፈረመው በመካከለኛው ደረጃ ላይ አሸንፎ ከታየ በኋላ ነው።